ቅዳሜን ወንጪ ወይስ ሦስት ሌሊት ዶርዜ? ገጠር ወጥቶ ለማደር ላሰበ ሰው

እኛ የከተማ ሰዎች ገጠር የምንወርደው ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለንግሥ ነበር። ብር ከፍሎ ጎጆ ውስጥ ማደር የፈረንጅ ሥራ ነው። አያቴ ብትሰማ «ምነው፣ ዘመድ የላቸውም?» ትል ነበር።

ኮቪድ ይህን ገለበጠው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ከተባለ በኋላ ፈረንጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት በዓለም ድንበር ተሻግሮ የሚጓዘው ሰው ከ1.5 ቢሊዮን ገደማ ወደ 400 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ለእንግዳ ብለው ቤት የሠሩ፣ በቅሎ የገዙ፣ እንግሊዝኛ የለመዱ ገበሬዎች እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ። ይሄ አለፈ ሲባል የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ፈረንጁ እንደገና ቀረ።

በመሃል ግን ሌላ እንግዳ ብቅ አለ። እኛው ነን። ቤት ታፍኖ የከረመው የአዲስ አበባ ወጣት ገደቡ ሲላላ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ተራራ መውጣት ጀመረ። ቴሌግራሙ «የዚህ ሳምንት ሃይኪንግ» በሚል ማስታወቂያ ተጥለቀለቀ። በ2014 ገና ደግሞ መንግሥት ዲያስፖራውን «ወደ ሀገር ቤት» ብሎ ሲጠራ፣ ከዋሽንግተንም ከዱባይም የመጣው ዘመድ ልጆቹን ይዞ «የት ልውሰዳቸው?» ማለት ጀመረ። እስካሁንም በየክረምቱና በየገናው ስልኬ የሚጠራው በዚህ ጥያቄ ነው። ሁሌም ያንኑ ስለምመልስ ይኸው ጻፍኩት።

ከቦታው በፊት

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቦታው ነው። «ወንጪ ይሻላል ዶርዜ?» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ታድራላችሁ ወይስ ትመለሳላችሁ? ካደራችሁስ ማን ቤት? ጉዞው ምን እንደሚመስል፣ ብራችሁም ማን ኪስ እንደሚገባ የሚወስነው ይሄ ነው። ቦታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንዱ መንገድ ደርሶ መልሱ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተሰብስቦ፣ በኮስተር ሄዶ፣ ተራምዶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ማታ 2 ሰዓት ቤት መግባት። ዋጋው አይጎዳም። ጨዋታ አለው። ብቻውን ለሚኖር ሰው ጓደኛ ያስገኛል፤ ሃይኪንግ ላይ ተዋውቀው የተጋቡም አውቃለሁ። ችግሩ፣ የምትከፍሉት ብር አብዛኛው ለመኪና፣ ለነዳጅ፣ ለአዘጋጁ፣ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ለሚጫነው ምሳና ውሃ ነው የሚሄደው።

በ2013 ጥር ወንጪ የወረድነው እንደዚህ ነበር። ሁለት ኮስተር ሙሉ ሰው። ሳንድዊች ይዘናል፣ ውሃ በካርቶን ይዘናል፣ የቡና ከሰል ሳይቀር ጭነናል። አፋፉ ላይ አንዲት እናት የተቀቀለ ድንች በሰፌድ፣ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ አዋዜ በትንሽ ጣሳ አቅርበው ተቀምጠዋል። ሃምሳ ምናምን ሰው በፊታቸው አለፈ። አንዱ ፎቶ አነሳቸው። ከሐይቁ ወጥተን ስንመለስ ድንቹ ቀዝቅዟል፣ ሰፌዱ ግን እንደሞላ ነው። ነጠላቸውን አራግፈው፣ ሰፌዱን አንስተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አየኋቸው። እኔም ሳንድዊቼን በልቼ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሎጅ ነው። ከነሐሴ 2012 ወዲህ በ«ገበታ ለሀገር» ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ላይ የተጀመረው ግንባታ የአገር ውስጥ እንግዳን ልብ ወደዚህ አዙሮታል። ሙቅ ውሃ አለ፣ ንጹሕ አልጋ አለ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አታፍሩም። ጉልበታቸው ለደከመ ወላጆች፣ ለጫጉላ፣ ጨቅላ ላለው ሰው ሌላ ምርጫ አልመክርም። ለአካባቢው ሰው የሚተርፈው በአብዛኛው ደሞዝ ነው፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አትክልተኛ። ደሞዝም ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቤቱ የእሱ አይደለም፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ አይደለም።

ሦስተኛው የማኅበረሰብ ማደሪያ የሚባለው ነው። መንደሩ ራሱ ተደራጅቶ ቤት ይሠራል። አብሳዩ፣ አስጎብኚው፣ ባለበቅሎው በተራ ይሠራሉ። ከገቢው የየድርሻቸውን ወስደው ቀሪው ለጋራ ሣጥን ይሆናል። ወሎ መቄት ላይ ይሄ አሠራር በ1996 ገደማ መቋት ማርያም ላይ ሲጀመር፣ እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ እየሄደ በየገደሉ አፋፍ በተሠሩ ጎጆዎች እንዲያድር ታስቦ ነው። ዶርዜ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት ለእንግዳ ያዘጋጃል። የመንደር ማኅበርና የቤተሰብ ማደሪያ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ብሩን ለብዙ ሰው ያካፍላል፣ ሁለተኛው ምግቡ ይጣፍጣል። (ይሄ የእኔ ልምድ ነው፣ ተከራከሩኝ።)

እዚህ ያለውን ችግርም ልናገር። ይበርዳል። ቁንጫ ሊኖር ይችላል። ሻወር ማለት አንድ ጆግ የሞቀ ውሃ ነው። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ውሻ አለ። ስልካችሁ ሲሞት ይሞታል። በረቡዕና በዓርብ ክርስቲያን ቤት ከደረሳችሁ «ሥጋ የለም?» ብላችሁ አትጠይቁ።

እንዲህም ሆኖ፣ አንድ ምርጫ ብቻ አለህ ብትሉኝ አንዷን ሌሊት እዚህ ነው የማድረው። ደርሶ መልስ ሦስት ጊዜ ከምትሄዱ አንዴ አድራችሁ ተመለሱ። እንግዳ ሲያድር እራት አለ፣ ቁርስ አለ፣ እንጨት አለ፣ በቅሎ አለ፣ የማታ ቡና አለ። ለመንደሩ ገንዘብ የሚሆነው ይሄ ነው። ለእናንተም ቢሆን ሰው የሚያወራችሁ ከመሸ በኋላ ነው።

ወንጪ፦ አንድ ቀን ብቻ ላለው

ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአምቦም በወሊሶም ይገባል። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ መንገዱን አሰልቺ አያደርገውም። እሳተ ገሞራ ከፈነዳበት ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ ሐይቁ መሃል ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የወንጪ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን የእንሰት ጓሮ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው 44 የዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆናለች። የጮቄ ተራራና ሌጲስ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ተከትለዋታል።

ወንጪ ዋናው ነገር ፈረሱ ነው። ቁልቁሉን በእግር ትወርዳላችሁ፣ ሽቅቡን ግን አብዛኛው ሰው በፈረስ ነው የሚወጣው። ፈረሰኞቹ በማኅበር ተደራጅተው በወረፋ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ «ያኛው ነጩ ይሻለኛል» ብላችሁ ተራ አታበላሹ፤ ነጩ ፈረስ ተራው ካልደረሰ ባለቤቱም እሺ አይላችሁም። ዋጋ ላይም ብዙ አትከራከሩ። በአንድ ቡና ዋጋ የሚነታረክ ሰው ካፌ ቁጭ ሲል ለማኪያቶ የሚከፍለውን አይቻለሁ። በኦሮምኛ «አካም» (ሰላምታ) እና «ገለቶማ» (ምስጋና) ማወቅ ከቅናሽ በላይ ፊት ያስፈካል።

ሎጁም፣ አዲሱ መንገድም ወንጪን ቀይሯታል። ድሮ ጭቃው ኮስተር ይዞ ያስቀር ነበር። አሁን ቪትዝም ይደርሳል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ሕዝቡ ብዙ ነው። ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ በሥራ ቀን ሂዱ። ካልተቻለ ዓርብ ማታ ወሊሶ ወይም አምቦ እደሩና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ሁኑ። ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሲነሳ ታያላችሁ፣ ኮስተሮቹ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ናቸው።

ምሳ ከቤት አትያዙ። የእኔን አትድገሙ።

ዶርዜ፦ ልጅ ይዞ ለሚሄድ

ከዲያስፖራ ለመጣ ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ይገባል። ሙቀቱ ውስጥ አንድ ሌሊት አድራችሁ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞውን አይታችሁ፣ ከዚያ ሽቅብ አንድ ሰዓት ገደማ ስትነዱ ሌላ አገር ትገባላችሁ። ቀርከሃ፣ እንሰት፣ ጉም፣ ብርድ። ልጆች ሹራብ ይዘው ካልመጡ ያለቅሳሉ።

ቤቱ ራሱ ልጆቹን ያስቆማቸዋል። ከቀርከሃ ተሸምኖ፣ ቁመቱ ሲሠራ 12 ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ፊቱ የዝሆን ፊት የሚመስል ቤት ነው። መግቢያው እንደ ኩምቢ ወጣ ብሏል፣ ከላይ ያሉት ሁለት የአየር ቀዳዳዎች ዓይን ይመስላሉ። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። ባለቤቱ የተበላውን ይቆርጣል፣ ቤቱ ያጥራል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ረጅሙ ቤት አዲሱ ነው፣ አጭሩ አያትየው። መሬቱ ካስቸገረ ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ እንዳለ ተነቅሎ በሸክም ይሄዳል። የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ይሄን ስትሰማ የጠየቀችው «ውስጡ ያለው ሰውስ?» ብላ ነው። አስተናጋጃችን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ እናትየዋ እንሰቱን ሲፍቁ አየን። ግንዱን ሰያፍ አስቀምጠው፣ በስለታማ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች። ጭማቂው ሲወርድ ጥሩ ጥሩ የማይባል ሽታ አለው። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲብላላ የከረመውን አውጥተው፣ ከትፈው፣ በቅጠል መሃል ጠፍጥፈው ምጣድ ላይ ጣሉት። ከዚያ ትኩሱን ቆጮ በዳጣ (በሚያቃጥል ማባያ) እና በማር። በዳጣው ላቡ የመጣ ሰው ማሩን ይከተላል፣ ማሩ ሲበዛበት ወደ ዳጣው ይመለሳል። አዋቂዎች ከአረቄው ትንሽ ቀምሰው «ዮ! ዮ! ዮ!» ይላሉ። ሃይማኖትም ሆነ ጨጓራ የከለከለው ሰው ብርጭቆውን አንስቶ ቢመልስ ማንም አይቀየምም።

አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሀገር ልብስ የገዛ ሰው የዶርዜን እጅ ሳያውቀው ለብሷል። እዚህ ሥራውን ከምንጩ ታዩታላችሁ። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳሉ። ድሩን ልጆች ነክተው እንዲያዩ ፈቃድ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ አይከለከልም። አዋቂ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የጋሞ ሽማግሌዎች በ2011 መግቢያ ላይ ለምለም ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት እንዴት እንዳስቆሙ እዚያው ካለ ሰው ይስሙ። በቴሌቪዥን ያየነው ነገር በሽማግሌ አፍ ሲነገር ሌላ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሽቅቡ መንገድ ላይ ልጆች አስፋልቱ መሃል እየጨፈሩ፣ እየተገለበጡ መኪና ያስቆማሉ። ከመስኮት ብር የሚወረውር ሰው ነው ያስለመዳቸው። አትወርውሩ። መስጠት ካማራችሁ ያደራችሁበትን ቤት ጠይቁ፤ ደብተር የቸገረውን ልጅ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ።

ባሌ፦ ጉልበትና ጊዜ ላለው

ይሄ የሳምንት ጉዞ ነው፣ ቢያንስ አምስት ቀን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ተነስቷል፣ ግን አሁንም ሰዎች «ሩቅ ነው» እያሉ ይቀራሉ። ይቅርባቸው፤ ለእኛ ይለቀቅልን። ዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አካባቢ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚህ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ጠዋት ማልዳችሁ ከወጣችሁ የማታዩበት ዕድል ጠባብ ነው። የደጋ አጋዘኑን ለማየት ደግሞ ዲንሾ ዋናው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ብቻ ብትዞሩ ይበቃል።

አስጎብኚ፣ ፈረስና ባለፈረስ ዲንሾ ላይ በማኅበር አሉ፣ ድንኳንና ምግብ ግን በአብዛኛው በእናንተ ነው። ስለዚህ «ማኅበረሰብ ቤት ማደር» ያልኩት ነገር እዚህ ከዶርዜ ይቀንሳል። ብሩ ለፈረሰኛው ቢደርስም ማታ ከሰው ቤት ምድጃ ዳር አትቀመጡም። ያንን ካማራችሁ ወደ ሐረና ጫካ ውረዱ። ሪራ አካባቢ ቀፎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ቡና በጫካው ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ታያላችሁ፤ የጫካ ቡናውን እዚያው ተቆልቶ መጠጣት ይቻላል።

ሳነቴ ከፍታው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ቀጥታ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ሁለት ቀን ሳያድር አይሂድ። ያጎቴ ልጅ እምቢ ብሎ ሄዶ የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን ይዞ አደረ።

ጓሳ፦ ለጊዜው የሚቆይ

መንዝ ጓሳን ማንሳቴ አሁን ሂዱ ለማለት አይደለም። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ አማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ ሰው እንዲያድርበት አልመክርም፤ ስለ መቄትም የምለው ይህንኑ ነው። ግን ልቤ ያለው እዚያ ስለሆነ አልተውኩትም። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ለመጠበቅ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» የሚባል ሥርዓት ነበረው። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲፈቀድ ብቻ ይታጨዳል፣ ያለፈቃድ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። በኋላ ነዋሪው በኮሚቴ መልሶ ጥበቃውን ያዘ። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የተረፉት በዚህ ነው። ቱሪስት ሳይታሰብ ለሣር ብሎ የተደራጀ ማኅበረሰብ ስለሆነ፣ እንግዳ ቢጠፋም ሥርዓቱ አብሮ አይጠፋም። ኮቪድ ካስተማረን በኋላ አንድ ማኅበርን የምመዝንበት ነገር ይሄ ሆኗል፤ እንግዳ በሌለበት ዓመት ምን ሠርተው ይኖራሉ? ብቸኛ ሥራቸው እኛን ማስተናገድ ከሆነ እጠራጠራለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ

አንዴ ለአንድ አዲስ አበባ ላለ አገናኝ ሙሉውን ከፍለን ሄድን። ስሙን አልጠራም። ደረስን፤ አስተናጋጆቹ የመጣላቸው ብር የለም፣ የመጣላቸው ስልክ ብቻ ነው። አብልተው አሳደሩን፣ እኛም አፍረን ድጋሚ ከፈልን። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ብሩን ለማን ነው የምልከው?» ነው። አሁን ቴሌብር ስላለ ኔትወርክ ባለበት መንደር ለማኅበሩ ወይም ለባለቤቱ በቀጥታ መላክ ይቻላል። ቢያንስ ግማሹን ስትደርሱ በእጃቸው ስጡ። ኔትወርክ ስለማይታመን ደግሞ ዝርዝር ብር ያዙ።

ቀጥሎ፣ አስጎብኚው የሚመጣው በወረፋ ነው ወይስ በትውውቅ? በወረፋ ከሆነ ማኅበሩ ይሠራል ማለት ነው። ምን እንበላለን? ምግቡ ከአካባቢው ነው ወይስ ፓስታ ገዝተው ነው የሚጠብቁን? (ለእንግዳ ክብር ብለው ፓስታ ሊያበስሉላችሁ ይችላሉ። ቀድማችሁ «የእናንተን ነው የምንበላው» በሏቸው።) ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ የምትጠይቁት ሰው እዚያ የሚኖር ይሁን፣ ዕለቱኑ ይሁን። ቲኬት የሚሸጥላችሁ ሰው «ሰላም ነው» ማለቱ አይቀርም።

ዋጋ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ የጻፍኩት ሁሉ በወሩ ያረጃል። ሎጅ ሆኖ ዋጋውን በዶላር የሚያሰላው ለብር ደሞዝተኛው ርቋል፣ ለዲያስፖራው ቀርቧል። የመንደር ማደሪያው ግን ከሎጁ ሁሌም ይረክሳል፤ እዚህ ዶላር ይዞ የመጣ ዘመድ ካለ ዋጋ ባይከራከር ደስ ይለኛል።

ዶርዜን ከመረጣችሁ ደግሞ ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው። እሁድ ወይም ረቡዕ ማታ ግቡ። ጋቢ ከገዛችሁ ዘርግታችሁ እጥፉን ቁጠሩ። አራት መሆን አለበት።